ፋይሌ ሳልጠየቅ ወደ ሌላ ቢሮ ተዛወረ፤ ኦዲቱ ፈራሽ ነው ወይ?

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቴክሳስ፣ ጋርላንድ ነው። ከዚያ በፊት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኜ ኡበር እነዳ ነበር። እዚያው ሳለሁ አይአርኤስ (የአሜሪካ የፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤት) የ2023 ታክሴን ኦዲት እንደሚያደርግ በደብዳቤ አሳወቀኝ። ማይሌጅ የመዘገብኩበትን ደብተርና ደረሰኞቼን ኮፒ አድርጌ ሜሪላንድ ላለው ቢሮ ላክሁ። ከዚያ ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ ወደ ቴክሳስ መጣሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ፋይሌ ዳላስ ወዳለው ቢሮ መዛወሩን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ደረሰኝ። ፈቃዴን የጠየቀኝ የለም። ምክንያቱም አልተጻፈም። የዳላሱ ሰውዬ ‹የላክሃቸው ወረቀቶች አልደረሱኝም› አለኝ። አብሮኝ የሚሠራ ህንዳዊ አለ፣ አገሩ ሂሳብ አዋቂ ነበር። ‹ሳይጠይቁህ ካዛወሩት አዲሱ ሹም ሥልጣን የለውም። የሚወስነው ሁሉ ፈራሽ ነው፤ ዝም በላቸው› አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። አሁን በሰርቲፋይድ ሜይል ወፈር ያለ ደብዳቤ መጥቷል። 11,400 ዶላር ግብርና 2,280 ዶላር ቅጣት ይላል። ከመጣ አምስት ሳምንት ሆነው። ዝምታዬን ልቀጥል?»

አይቀጥሉ፣ ወንድሜ። ሌላውን ሁሉ ቀስ ብዬ እነግርዎታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ይህን ጽሑፍ አቁመው ደብዳቤውን ያውጡ። የመጀመሪያውን ገጽ ይዩ። አናቱ አካባቢ ለታክስ ኮርት፣ ማለትም ለግብር ፍርድ ቤት፣ አቤቱታ ማቅረብ የሚችሉበት የመጨረሻ ቀን ተጽፏል። ያንን ቀን ስልክዎ ላይ ይመዝግቡት፤ ለባለቤትዎም ያሳዩዋት።

ይህ ደብዳቤ በእኛ ሰው አፍ «የ90 ቀን ደብዳቤ» ይባላል። በሕጉ ስሙ ኖቲስ ኦፍ ዴፊሸንሲ፣ የግብር ጉድለት ማስታወቂያ፣ ነው። 90 ቀኑ የሚቆጠረው ደብዳቤው ከተላከበት ቀን ጀምሮ ነው እንጂ እጅዎ ከገባበት ቀን አይደለም። አምስት ሳምንቱ ከዚያ ላይ ሄዷል። የቀረዎት ሁለት ወር አይሞላም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። የሥራ ባልደረባዎ ዋሽቶ አይመስለኝም። የነገረዎት የአገሩን ሕግ ነው። በህንድ ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራበት የቆየው የ1961 የገቢ ግብር ሕግ አንቀጽ 127 አለው። አንድ ፋይል ከአንድ ሹም ወደ ሌላ ሲዛወር፣ በተቻለ መጠን ግብር ከፋዩ ሐሳቡን እንዲናገር ዕድል ይሰጠዋል። የዝውውሩም ምክንያት በጽሑፍ ይመዘገባል። በ1976 አጃንታ ኢንዱስትሪስ የሚባል ድርጅት ፋይሉ ከኔሎር ወደ ዴልሂ ተዛወረበትና ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ ምክንያቱ ለግብር ከፋዩ አልተነገረም ብሎ የዝውውር ትዕዛዙን ሰረዘው። ስለዚህ ያገሩ ሂሳብ አዋቂ «ሳይጠይቁህ ካዛወሩት» ሲል ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ግን እዚያም ቢሆን ነገሩ ገደብ አለው። ዝውውሩ በአንድ ከተማ ውስጥ ከሆነ ማስደመጥ አያስፈልግም። የሹሙን ሥልጣን የሚቃወም ሰውም ማስታወቂያ በደረሰው በአንድ ወር ውስጥ መናገር አለበት። ዝም ያለ ሰው እዚያም አይጠቀምም።

አሜሪካ ግን ነገሩ የተሠራበት መንገድ ሌላ ነው። ድሮ አይአርኤስ በወረዳ የተከፋፈለ ነበር። እያንዳንዱ ወረዳ ዳይሬክተር ነበረው፤ የአካባቢው ሰው ፋይልም እሱ ዘንድ ይቀመጣል። በ1998 ኮንግረስ መሥሪያ ቤቱን እንደገና የሚያዋቅር ሕግ አወጣ። ያ የወረዳ አደረጃጀት ቀረና በግብር ከፋዩ ዓይነት የተከፋፈሉ አራት ዘርፎች መጡ። ደሞዝተኛው ለብቻ፣ ትናንሽ ነጋዴዎችና እንደርስዎ የራሳቸውን ሥራ የሚሠሩ ለብቻ፣ ትልልቅ ኩባንያዎች ለብቻ፣ ግብር የማይከፍሉ ድርጅቶችና መንግሥታዊ አካላት ለብቻ። የሜሪላንዱም የዳላሱም ኦዲተር የሚሠሩት ለአንድ ዘርፍ ነው። ሕጉ ሥልጣኑን የሰጠው ለገንዘብ ሚኒስትሩና እሱ ለሚወክላቸው ሰዎች ነው። ከተማ አልጠቀሰም። «የዳላሱ ሰው በእኔ ላይ ሥልጣን የለውም» የሚለው ክርክር የሚቆምበት መሬት ያጣው ለዚህ ነው።

ኦዲቱ የት ይካሄድ የሚለውን አይአርኤስ ራሱ ይወስናል። ሕጉ የሚጠይቀው ቦታውና ሰዓቱ ምክንያታዊ እንዲሆን ብቻ ነው። የርስዎ ፈቃድ አይጠየቅም። እርስዎ ግን መጠየቅ ይችላሉ። «ቤቴ ተቀይሯል፣ መዝገቤም ከእኔ ጋር ነው፣ ወደ አዲሱ አካባቢዬ አዛውሩልኝ» ብለው በጽሑፍ ሲያመለክቱ ቢሮው የአሁኑን መኖሪያዎን፣ መዝገብዎ ያለበትን ቦታና የራሱን አቅም አይቶ ይወስናል። አይአርኤስ ግብሩን ሊወስን የሚችልበት የሦስት ዓመት ጊዜ ሊያልቅ የተቃረበ ከሆነ፣ ዝውውሩን ከመፍቀዱ በፊት ማራዘሚያ ፈርሙ ሊልም ይችላል። እርስዎ ዘንድ የተደረገው ተቃራኒው ነው። ሳይጠይቁ ወደ አዲሱ ቤትዎ አቅራቢያ አመጡት። ዳኛ ፊት ቆመው «ወደ ሰፈሬ አምጥተው በደሉኝ» ሲሉ እንዴት እንደሚሰማ እርስዎው ያስቡት።

አንድ ነገር ደግሞ ላስተካክል። «ፈራሽ ነው ወይ» ብለው ጠየቁኝ። ውሳኔው ገና አልተመዘገበም። የያዙት ደብዳቤ «ይህን ያህል ጎድሏል ብለን ወስነናል፤ ካልተስማማህ በ90 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ሂድ» የሚል ነው። ዕዳው በአይአርኤስ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ከዚያ በኋላ ነው። እነሱ አሰስመንት የሚሉት ያንን ነው። 90 ቀኑ ሳያልቅ፣ አቤቱታ ካስገቡም ፍርዱ የመጨረሻ ሳይሆን፣ ያንን ግብር መመዝገብም ማስከፈልም በሕግ ተከልክሏል። ስለዚህ በሩ ክፍት ነው። የሚዘጋው በርስዎ ዝምታ ነው።

ታዲያ አሜሪካ ውስጥ የአይአርኤስን ውሳኔ የሚጥለው ምንድን ነው? ከሁሉ በላይ አድራሻ ነው። የ90 ቀኑ ደብዳቤ መላክ ያለበት መጨረሻ ወደሚታወቀው አድራሻዎ ነው። ይህም በመጨረሻ ፋይል ባደረጉት ታክስ ላይ ያለው አድራሻ ነው፣ ከዚያ ወዲህ በግልጽ ካላሳወቁ ወይም ፖስታ ቤት አድራሻ መቀየርዎን ካልመዘገቡ በቀር። ወደተሳሳተ አድራሻ ልከውት በጊዜው ካልደረሰዎት ደብዳቤው ዋጋ የለውም። በእሱ ላይ የተመዘገበው ዕዳም አብሮ ይወድቃል። የርስዎ ግን ጋርላንድ ድረስ መጥቶ እጅዎ ገብቷል። ይህ መከላከያ ለርስዎ አይሠራም።

በዚህ ጉዳይ ሁልጊዜ የምትታወሰኝ አንዲት እህት አለች። ከዓመታት በፊት ታክሷን ልሠራላት ቤቷ ሄድኩ። ፍሪጁ ላይ በማግኔት የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት አየሁ። ፖስተኛው ሰርቲፋይድ ደብዳቤ ይዞ መጥቶ ሰው ሲያጣ የሚተዋት ዓይነት ነች። የልጅ ስዕልና የቤተ ክርስቲያን የበዓል ፕሮግራም መሃል ተሰክታለች። «ይቺ ምንድን ነች?» ስላት «ክፉ ዜና መሆኑን ስላወቅሁ አላመጣሁትም» አለችኝ። ደብዳቤው ወደ ትክክለኛው አድራሻ ተልኮ ስለነበር አለመቀበሏ አልጠቀማትም። 90 ቀኑ እዚያው ፍሪጁ ላይ እንደተለጠፈ አለቀ። ኋላ ለማስተካከል ሁለት ዓመት ለፋን። እርስዎ ቢያንስ ደብዳቤውን ተቀብለው ከፍተዋል።

«ኦዲቱ በደንብ አልተካሄደም፣ ወረቀቴን ጣሉት» የሚለው ቅሬታስ? ታክስ ኮርት በመርህ ደረጃ ከደብዳቤው ጀርባ ገብቶ አይአርኤስ እንዴት እንደሠራ አይመረምርም። ለዚህ ዘወትር የሚጠቀሰው የ1974ቱ ግሪንበርግስ ኤክስፕረስ የተባለው ውሳኔ ነው። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ከዜሮ ያየዋል። በ1987 ግን አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት ደብዳቤውን ራሱን ውድቅ ያደረገበት ጉዳይ አለ። አይአርኤስ ለአንድ ባልና ሚስት የላከው ደብዳቤ ምንም ግንኙነት ስለሌላቸው የማዕድን ሽርክና ያወራል። ከደብዳቤው ጋር የተያያዘው ወረቀት ላይ ደግሞ ታክስ ሪተርናቸው ስላልተገኘ በከፍተኛው፣ በ70 በመቶ እንደተሰላ ተጽፏል። ሪተርናቸውን ሳያይ «ወሰንኩ» ሊል አይችልም ተባለ። ይህ ጠባብ በር ነው። የርስዎ ደብዳቤ ስምዎን፣ ዓመቱንና ስኬጁል ሲ (የራስን ሥራ ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ቅጽ) ላይ ያስገቡትን ወጪ ጠቅሶ «ማስረጃ አልቀረበም» የሚል ከሆነ በዚያ በር አያልፉም።

ከዜሮ ይታያል ማለት ግን ለርስዎ መልካም ዜና ነው። ሜሪላንድ ልከው ዳላስ ያልደረሰው ወረቀት እንደገና ይቀርባል። ቁጥሩን ሳየው የተፈጠረው ነገር እንዲህ ይመስለኛል። ኡበር የሚልከው 1099-ኬ የሚባለው የገቢ ማሳወቂያ ቅጽ ተሳፋሪው የከፈለውን በሙሉ ይይዛል። ኡበር ለራሱ የቆረጠውም እዚያ ውስጥ አለ። እጅዎ ያልገባ ገንዘብ ገቢ ተብሎ ተጽፏል ማለት ነው። እርስዎ ያንን በወጪ አስቀንሰውታል። የዳላሱ ሰው ወረቀት ሲያጣ ኮሚሽኑንም ማይሌጁንም አንድ ላይ ሰረዘው። ኮሚሽኑን ማሳየት ቀላል ነው። ኡበር አካውንትዎ ውስጥ የ2023 ዓመታዊ የታክስ ማጠቃለያ አለ። የተቆረጠው ሁሉ በመስመር በመስመር ተዘርዝሯል። ዛሬ ማታ ያውርዱት።

ማይሌጁ ነው ጥንቃቄ የሚፈልገው። በ2023 ለአንድ ማይል 65.5 ሳንቲም ይታሰብ ነበር። 41,000 ማይል የነዳ ሰው 26,855 ዶላር ያስቀንሳል። ይህን የሚያህል ገንዘብ የተንጠለጠለው በአንድ ደብተር ላይ ነው። ሕጉ ቀኑን፣ የት እንደተሄደ፣ ለምን እንደተሄደና ስንት ማይል እንደሆነ እንዲታይ ይፈልጋል። ኋላ ላይ በግምት የተሞላ ደብተር ዳኛም ኦዲተርም ያውቀዋል፤ ብዕሩ አንድ፣ እጁ አንድ፣ ቁጥሩ ሁሉ ክብ። ኦሪጅናሉ ደብተር ቡና የፈሰሰበትም ቢሆን እሱን ይያዙ። ከጎኑ የኡበሩን የጉዞ ታሪክና መካኒክ ቤት ዘይት ሲቀይሩ የተጻፈውን የኦዶሜትር ንባብ ያስቀምጡ። የመካኒኩ ደረሰኝ በገለልተኛ ሰው እጅ የተጻፈ ቁጥር ስለሆነ ብዙ ይረዳል። የኡበር ሪፖርት ብዙ ጊዜ አፑ ክፍት ሆኖ የተነዳውን ብቻ ስለሚያሳይ ከደብተርዎ ቢያንስ አይደንግጡ፤ ልዩነቱን ያስረዱ።

አቤቱታው እንዴት ይገባል? ታክስ ኮርት ዋሽንግተን ዲሲ ነው። በኢንተርኔት ዶውሰን በሚባለው ሲስተሙ ማስገባት ይቻላል። ክፍያው 60 ዶላር ነው፤ አቅም ለሌለው እንዲነሳለት ይጠየቃል። ቅጹ አጭር ነው። በምን እንደማይስማሙ በተራ ቋንቋ ይጽፋሉ። የክርክሩ ገንዘብ ለአንድ ዓመት ከ50,000 ዶላር ስለማይበልጥ ቀለል ያለውን የትንሽ ጉዳይ ሥርዓት መምረጥ ይችላሉ። በሱ የተሰጠ ውሳኔ ይግባኝ የለውም፤ ያንን አውቀው ይምረጡ። ችሎቱ ዳላስ እንዲሆን ይጠይቁ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎን አቤቱታው ላይ አይጻፉ፤ ለሱ የተለየ ፎርም አለ። ታክሱን ከባለቤትዎ ጋር በአንድ ላይ ፋይል አድርጋችሁ ከሆነ እሷም ትፈርም። እርስዎ ብቻ ፈርመው እሷ ብትቀር ዕዳው በሷ ስም ሊመዘገብ ይችላል። ይህን የምለው ብዙ ባሎች «እኔ እጨርሰዋለሁ» ብለው ሲያበላሹት ስላየሁ ነው።

ከደብዳቤው ጋር ቁጥሩ 5564 የሆነ የስምምነት ፎርም ሊኖር ይችላል። ካልተስማሙ አይፈርሙት። ሌላው ወጥመድ ስልክ ነው። ለዳላሱ ሰው ይደውሉ፣ ወረቀት ይላኩለት፤ ምናልባት ያስተካክለው ይሆናል። ግን ደወልኩ፣ ላክሁ ማለት 90 ቀኑን በአንድ ቀን እንኳ አያራዝመውም። «እያየሁት ነው» ቢልዎትም ቀኑ ይቆጥራል። አቤቱታው ከገባ በኋላ ፋይሉ ብዙ ጊዜ አፒልስ ወደሚባለው የአይአርኤስ ገለልተኛ ክፍል ይሄዳል። ጥሩ ወረቀት ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ተስማምቶ ይጨርሳል፤ ዳኛ ፊት ሳይቆም።

የዝውውሩን ነገር ግን አይጣሉት። ሁለት ቦታ ይጠቅማል። አንደኛው ቅጣቱ ነው። ያ 2,280 ዶላር የግብሩ 20 በመቶ ነው። እንዲህ ያለውን ቅጣት፣ ኮምፒውተር በራሱ ያሰላው ካልሆነ በቀር፣ ያሰበበት ኦዲተር የቅርብ አለቃ በጽሑፍ ማጽደቅ አለበት። ፋይልዎ ሁለት ቢሮ አልፏል። ቅጣቱን ማን አሰበ? የማን አለቃ ፈረመ? መቼ? አቤቱታዎ ላይ ይህን ያንሱና ወረቀቱን ይጠይቁ። ፊርማው ከሌለ ቅጣቱ ይወድቃል። ግብሩ ግን አይወድቅም።

ሁለተኛው ወለዱ ነው። አይአርኤስ በተራ የቢሮ ሥራ ያለአግባብ ሲያዘገይ የዚያን ጊዜ ወለድ ሊያነሳ ይችላል። የራሱ ደንብ ለዚህ ምሳሌ ሲሰጥ የመጀመሪያው ላይ ያነሳው ከስቴት ወደ ስቴት ስለሄደ ሰው ነው። ሰውዬው ፋይሉ ወደ አዲሱ አካባቢው እንዲሄድለት ይጠይቃል፣ አለቃው ይፈቅዳል፣ ከዚያ ፋይሉ መንገድ ላይ ይቆያል። ደንቡ የዚያ መጓተት ወለድ ሊነሳ ይችላል ይላል። የሚጠየቀው በፎርም 843 ነው። እርስዎ ዝውውሩን ስላልጠየቁ ልክ እንደሱ አይደሉም፤ ቢሆንም ፋይሉ በሁለቱ ቢሮዎች መካከል የጠፋባቸውን ወራት ማሳየት ከቻሉ መሞከሩ ይገባል። ሜሪላንድ የላኩበት የፖስታ ደረሰኝ ካለ አሁኑኑ ይፈልጉት። እርስዎ ራስዎ ዝም ያሉባቸውን ወራት ግን ማንም አያነሳልዎትም። ይህን ስነግርዎት ከፍቶኝ ነው።

ገቢዎ ዝቅ ያለ ከሆነ፣ በመሠረቱ ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ 250 በመቶ ካልበለጠ፣ ለአነስተኛ ገቢ ግብር ከፋዮች የተቋቋሙ ክሊኒኮች አሉ። በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ ፍርድ ቤት ድረስ ይቆሙልዎታል። ስልክ ሲደውሉ ቋንቋ ካስቸገረ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ አያፍሩ። ራስዎ ጽፈው ማስገባት ከፈለጉም ይቻላል፤ ጠበቃ ካልያዝኩ አይሆንም ብለው አይፍሩ።

ቀኑ ቢያልፍ መንገድ ጨርሶ አይዘጋም። ኦዲቱ እንደገና እንዲታይ ማመልከት አለ፤ ከፍሎ መልሱልኝ ብሎ መክሰስም አለ። ግን ያኔ ዕዳው ተመዝግቦ፣ ወለዱ እየቆጠረ፣ ደሞዝ ወይም ባንክ ሊነካ የሚችልበት ጊዜ ነው። ወደዚያ አይግቡ።

የደብዳቤውን ፖስታ አይጣሉ፤ የተላከበት ቀን ማህተም አለበት። ፎቶ አንስተው ከመጀመሪያው ገጽና ከዝውውሩ ደብዳቤ ጋር በአንድ ፎልደር ያስቀምጡ። አቤቱታውን በዚህ ሳምንት ያስገቡ። ያስገቡበትን ማረጋገጫ ሲያገኙ ይጻፉልኝ፤ ማይሌጁን አብረን እናየዋለን።